ልጓም ሲያይ ራሱን ለሚሰቅል ፈረስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ዳንግላ ገበያ ከጋሪ ነጂ የገዛኸው ፈረስ ልጓም ስታሳየው ራሱን ይሰቅላል። ከለጎምከው በኋላ ዛቡን (ከልጓሙ ወደ እጅህ የሚመጣውን መሪ ጠፍር) ሰብሰብ ስታደርግ አፉን ይከፍታል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ አንገቱን ገትሮ ወደ ጎን ይሸሻል። በለኮ፣ ማለት አፍ ውስጥ ብረት በሌለው ማሰሪያ ገመድ፣ ሲሳብ ግን ገራም ነው። ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ልታደርሰው አስበሃል፤ ሰዎችም «ጠንከር ያለ ልጓም አግባበት» ብለውሃል። እኔ ይህን ምክር ፈጽሞ አልቀበለውም። ባንጃ ውስጥ ፈረስ ባልጠፋበት ቤት ነው ያደግሁት፤ በኋላም አዲስ አበባ በፈረንጅ ኮርቻ ግልቢያ ከሚያስተምሩ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ። በሁለቱም በኩል ያየሁትን ልጻፍልህ፤ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

በለኮ ገራም የሆነ ፈረስ በልጓም ከተረበሸ ጥፋቱ ጠባዩ ላይ አይደለም። ልጓም ሲገባ የሚያመው ነገር አለ፣ ወይም ያመው እንደነበር ያስታውሳል። ስለዚህ መጀመሪያ አፉን አሳይ። ፈረስ በፊት ጥርሱና በመንጋጋው መካከል ጥርስ የሌለበት ክፍት ድድ አለው፤ ብረቱ የሚያርፈው እዚያ ነው። ያ ድድ ከአጥንቱ ላይ የተለበጠ ስስ ሥጋ ነው፤ በጋሪ ዓመታት ተጎትቶ ከሆነ ጠባሳ ወይም እብጠት ታገኝበታለህ። የከንፈሩን ጥጎች ገልጠህ እይ፣ ምላሱን ወደ ጎን ሳብ አድርገህ የተቆረጠ ነገር እንዳለው ተመልከት። የመንጋጋ ጥርስ ደግሞ ሲያኝክ እኩል አይበላም፤ የላይኛው በጉንጭ በኩል፣ የታችኛው በምላስ በኩል እንደ ቢላ እየሾለ ይሄዳል። ልጓሙ ጉንጩን ወደዚያ ስለት ሲጫነው ፈረሱ አፉን ከመክፈት ሌላ ምን ምርጫ አለው? ከመንጋጋዎቹ ፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው በኩል፣ የምትበቅል ትንሽ ጥርስም አለች። አንዳንዱ ፈረስ የለችውም፤ ያለችው ግን ብረቱ ሲነካት ሊረበሽ ይችላል። ይህን የወረዳህ የእንስሳት ሐኪም ያየዋል፣ ሹል ጥርስም በሞረድ ይስተካከላል። በቤት ውስጥ ፋይል አንስተህ እንዳትሞክረው።

ሐኪሙን ዕድሜውንም ጠይቀው። ስድስት ዓመቱ ነው ብለው ሸጠውልሃል፤ ፈረስ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ገደማ የወተት ጥርሱን ይቀይራል፣ በዚያ ጊዜ ድዱ ያመዋል። ገበያ ላይ ስድስት የተባለ ፈረስ አፉ ሲከፈት አራት ሆኖ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። አራት ከሆነ ምክሬም ይለወጣል፤ ጊዜ ስጠው እልሃለሁ።

ከአፉ ቀጥሎ ጀርባው ነው። ጫንቃውንና ከኮርቻው በታች ያለውን ሁሉ በጣትህ እየተጫንክ ሂድ። ከተኮማተረ፣ ከደነገጠ ወይም ገጣባ የነበረበት ነጭ ጠጉር ካየህ ኮርቻው ይመርመር። የእኛ ኮርቻ እንጨቱ ሰፊ ፈረስ ላይ ይቆነጥጣል፣ ቀጭን ፈረስ ላይ ደግሞ ወርዶ አከርካሪውን ይነካል። ጀርባው የሚያመው ፈረስ ወገቡን ወደ ታች ያጎብጣል፣ ራሱን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ አንተ ግን ልጓም እንቢ ያለ ይመስልሃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ልጓሙ ዓይነት። አባቶቻችን የሚጠቀሙበት ልጓም በአፍ ውስጥ ወደ ላይ የቆመ ብረትና አገጩን ዙሪያውን የሚከብ ቀለበት አለው። ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ወደ ላንቃው ይነሳል፣ ቀለበቱ የታችኛውን መንጋጋ ይጨብጣል፤ ከጎን የወረደው ዘንግ ደግሞ የእጅህን ጉልበት ያበዛዋል። ይህ መሣሪያ የተሠራው በአንድ እጁ ጋሻ፣ በሌላው ጦርና ዛብ ለያዘ ሰው ነው። በግልቢያ መካከል በአንድ ምልክት እንዲያቆምና እንዲያዞር ታስቦ። ጥሩ ፈረሰኛ ግን ዛቡን ላላ አድርጎ ነው የሚጋልበው፤ ፈረሱን በጉልበቱ፣ በክብደቱና ዛቡን አንገቱ ላይ በማስነካት ይመራዋል፣ ብረቱን የሚነካው አንዳንዴ ብቻ ነው። በዓሉ ላይ ሽማግሌዎቹን ልብ ብለህ ተመልከታቸው፤ ዛባቸው ሁልጊዜ ትንሽ ይረግባል። ከሩቅ ሲታይ ፈረሱ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል።

አንተ የምትፈልገው ግን ሌላ ነው። ዛቡ እንደተሰበሰበ፣ እጅህና የፈረሱ አፍ ሳይቋረጡ እንዲገናኙ ትፈልጋለህ። ይህ በቀለበት ልጓም አይሆንም፤ ሳታቋርጥ ከያዝከው ሳታቋርጥ ታሳምመዋለህ። ስለዚህ ምረጥ። ወይ በቀለበት ልጓም ዛብህን አላልተህ እንደ አባቶችህ ጋልብ፣ ወይ ደግሞ ያለ ዘንግ፣ ያለ ቀለበት፣ ቀጥ ያለ ወይም መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ለስላሳ ብረት አግኝተህ መገናኘትን አስተምረው። የዚህ ፈረስ አፍ በጋሪ የተጎዳ ይመስለኛልና ሁለተኛውን እመክርሃለሁ። አፉ ሲድን የቀለበቱን ልጓም ማግባት ትችላለህ። ብረቱ ወፍራምና ልሙጥ ይሁን፤ የታጠፈ ፌሮ ወይም ሽቦ የጠመጠሙበት ነገር ከሆነ ጣለው። ስፋቱ ከከንፈሩ ግራና ቀኝ ጣት የማይገባበት ሆኖ የማይቆነጥጥ፣ ከፍታው የከንፈሩን ጥግ አንዲት ሽብሽብ የምታሳይ ይሁን።

ከዚያ መልጎሙን ከዜሮ ጀምር። ጠዋት በእኛ ደጋ ብረት በረዶ ነው፤ በእጅህ ወይም በብብትህ አሙቀው። ትንሽ ማር ቀባው፣ ጎጃም ሆነህ ማር አይጠፋህም። ራሱን ሲሰቅል እጅህን አትመልስ፣ አትጎትተውም፤ እጅህን ጋማው ላይ አሳርፈህ እስኪያወርድ ቁም፣ ሲያወርድ ወዲያው እጅህን አንሳ። ይህ ሲለምድ ብቻ አውራ ጣትህን ጥርስ በሌለበት ድድ በኩል አስገባ፣ አፉን ራሱ ይከፍትልሃል። ብረቱን ጥርሱ ላይ አታጋጭ። ሲወልቅ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ፤ የራስ ማሰሪያውን ከጆሮው አውርደህ ፈረሱ ራሱ ብረቱን እስኪተፋ ጠብቅ። ብዙ ፈረስ ልጓም የሚጠላው ሲወልቅ የፊት ጥርሱን ስለመታው ነው፤ ሰው ግን ሲገባ ብቻ ያስባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ዛብ ለጉመህ ግቢ ውስጥ ትንሽ አቁመው፣ ያላምጠው፣ ከዚያ አውልቅለት።

ቀጥሎ ለግፊት መልስ መስጠትን አስተምረው። በለኮ ጀምር፤ በለኮ ገራም ነው ብለሃልና ይህ ይጠቅምሃል። ከጎኑ ቆመህ ለኮውን ወደ ራስህ በትንሹ ሳብ፣ ጉልበት አትጨምር፣ ያዝ ብቻ። አንገቱን አንዲት ጣት ያህል እንኳ ሲያጎብጥልህ በዚያው ቅጽበት ልቀቅ። ፈረስ የሚማረው ከመሳቡ አይደለም፣ ከመለቀቁ ነው። ዘግይተህ ከለቀቅህ ደግሞ የሚማረው ሌላ ነገር ነው፤ ራሱን በሰቀለበት ሰዓት ዛቡ ከላላለት ራስ መስቀል እረፍት ያመጣል ብሎ ይይዛል። ፈረስህ ምናልባት ጋሪ ላይ የተማረው ይህንኑ ነው። በለኮ በሁለቱም በኩል ሲለምድ በዛቡ ድገመው፣ አንድ በኩል ብቻ እየያዝክ። ሁለቱንም ዛብ በአንድ ጊዜ መሳብ ፈረሱ እንዲገትርህ መጋበዝ ነው።

አሁን ውጣበት። በእርምጃ ሲሄድ የፈረስ ራስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ እጅህ ካልተከተለው በየእርምጃው አፉን ትመታዋለህ። ክርንህ ይፈታ፣ እጅህ ከራሱ ጋር ይሂድ። በሶምሶማ ግን ራሱ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን መገናኘት በሶምሶማ ብትሞክረው ለሁለታችሁም ይቀላል። ግን አንተ ኮርቻው ላይ ሳትነጥር መቀመጥ አለብህ፤ በዛቡ ሚዛን የሚጠብቅ ጋላቢ ለስላሳ እጅ ሊኖረው አይችልም። ሚዛንህ ካልጸና ጋማውን ያዝ፣ ነውር የለውም። ሰፊ ክብ እየዞርክ መጀመሪያ በእግርህ ወደ ፊት ንዳው፣ ከዚያ ዛቡን ቀስ ብለህ አሳጥረውና እጅህን ዝም አሰኝ። የኋላ እግሩ ከበታቹ ሲገባ ጀርባው ይነሳል፣ አንገቱ ወደ ፊትና ወደ ታች ይረዝማል፣ ብረቱን እሱ ራሱ ፈልጎ ይይዘዋል። ያን ጊዜ በእጅህ ላይ ሕያው የሆነ ቀላል ክብደት ይሰማሃል። እስከዚያ ድረስ አንተ ይዘኸው ነው እንጂ እሱ አልያዘህም።

ራሱን ሲሰቅል እጅህን ወደ ታች አትጫን፣ አትሸንቁጠውም። እጅህን ትንሽ ከፍ አድርገህ፣ ከአፉ እስከ ክርንህ ያለው መስመር ቀጥ እንዲል ጠብቀህ፣ በእግርህ ወደ ፊት ንዳው። ሲያወርድ ጣቶችህን ፍታ። ከሁሉ በላይ የምለምንህ ግን አገጩን ከደረቱ ጋር እንዳታጣብቅ። በጉግስ ሰሞን ብዙ ወጣቶች አንገቱ እንደ ቀስት የታጠፈ ፈረስ ሲያዩ ያደንቃሉ። ያ ፈረስ ልጓሙን አልተቀበለም፣ ከልጓሙ ሸሽቶ ደረቱ ውስጥ ተደብቋል፤ አረፋው ጢም ብሎ ዓይኑ የፈጠጠ ከሆነ ደግሞ ሕመሙን እያየህ ነው። በየጥቂት ደቂቃው ዛቡን አርዝመህ አንገቱን ወደ መሬት እንዲዘረጋ ፍቀድለት። አንገቱን ዘርግቶ በረጅሙ ካንፈሰፈሰ የዚያ ቀን ትምህርት በቂ ነው፣ ውረድ።

ስለ ቀለቡም አንድ ነገር። ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ ገብስ ሲበላ የሰነበተ ፈረስ በእሑድ ሲጫን ቢንጨረጨር አይፈረድበትም። ከሣሩ አብዛለት፣ ከገብሱ ቀንስለት፣ በየቀኑ በለኮ እንኳ ቢሆን አንሸራሽረው። ሲወጣም ከአንድ ሽማግሌ ፈረስ ጎን ይሂድ።

ስለ ጥር 23። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የያዘው ትልቅ በዓል ነው፤ ዓድዋ ድረስ የዘመቱ ፈረሶች የሚታሰቡበት ቀን ነውና ፍላጎትህ ይገባኛል። ሆኖም በዚያ ሁሉ ፈረስ፣ ጩኸትና አቧራ መካከል አፉ ያልዳነ ፈረስ ይዘህ ሽርጥ በሚባለው የፈረስ ጨዋታ ውስጥ ብትገባ የሰበሰብከው ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይበተናል፤ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። እኔ ብሆን ዘንድሮ በለኮ ይዤው እሄድና ከዳር አቁሜ አሳየዋለሁ። ድምፁን ይልመድ፣ ሌሎቹን ፈረሶች ይይ። ለከርሞ ትጋልበዋለህ።

ሐኪሙ አፉን ካየው በኋላ የነገረህን ጻፍልኝ፤ የልጓሙንም ፎቶ ከሁለት በኩል አንስተህ ላክ። አንተ ዳንግላ አካባቢ ከሆንክ እኔ በየቅዳሜው ወደዚያ እወርዳለሁና መጥቼ አብረን ልናየው እንችላለን።