ጥያቄና መልስ፦ ከአፍ የሚቀድም ድምፅ

ጥያቄ፦ የፊልም ትምህርት ቤት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወደ ሁለተኛ ዓመት የሚያሳልፈኝን የ5 ደቂቃ ፊልም ለማስገባት 10 ቀን ቀርቶኛል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በስልክ በሰከንድ በ30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀረጽኩት፤ ድምፁን በሌላ ስልክ ለብቻው ቀዳሁ። ሳቀናብረው መጀመሪያ ላይ የገጠመው ድምፅ ወደ መጨረሻው ከተዋናዩ አፍ ይቀድማል። የማታዎቹ ትዕይንቶች ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር ይንሸራተታል። ካሜራ ልከራይ?

መልስ፦ እህታችን፣ የኪራዩን ብር ያዢው። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹት ፍሬም ይዋዥቃል፤ 30 ብትይውም ብርሃን ሲያንስ ወይም ስልኩ ሲግል ይወርዳል። ማቀናበሪያው ግን እኩል ነው ብሎ ስለሚያስበው ምስልና ድምፅ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ቅጂዎቹን ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አሳልፊያቸው፦ የቪዲዮ ክፍሉ ላይ ፍሬሙን 30 አድርገሽ «ኮንስታንት» የሚለውን ምረጪ፤ የጥራት ቁጥሩን 18 አድርጊው (ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል)። ከዚያ ድምፁን ሾት በሾት እንደገና ግጠሚ። የቆረጥሽበት ቦታ በጥቂት ፍሬም ሊዛነፍ ስለሚችል ሁሉንም እዪው።

መስመሩ የመብራቱ ጣጣ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይፈዛል፤ ርካሽ ኤልኢዲ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሹተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ 1/60 ሰከንድ ከሆነ ከዚህ ጋር አይገጥምም። በሶፍትዌር ከማከም የማታዎቹን እንደገና መቅረጽ ይሻላል። ሹተሩን በእጅ በሚያስተካክል መተግበሪያ 1/50 ላይ ቆልፊው። ፍሬሙን ግን ወደ 25 አትቀይሪ፤ የቀኑ በ30 ስለሆነ ሲቀላቀል እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። 25ን ለሚቀጥለው ፊልምሽ ጀምሪበት። መቅረጽ ከመጀመርሽ በፊት ስልኩን ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥሪ፤ መስመር ካለ እዚያ ፈጥኖ ይታያል።

ዳግም ስትቀርጪ እያንዳንዱ ሾት መነሻ ላይ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቢ፤ እጆችሽ የተገናኙበት ፍሬምና ማቀናበሪያው ላይ በድምፁ ሞገድ የሚታየው ሹል ጫፍ ይገጥማሉ። የኮንዶሚኒየም ባዶ ግድግዳ ያስተጋባልና ከካሜራው ጀርባ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀይ፤ ጋቢ ይሳሳል። ድምፅ የሚቀዳው ስልክ ከተዋናዩ ከ50 ሴንቲሜትር አይራቅ። ፍሪጁን ንቀይ፤ የቤት ቁልፍሽን እላዩ ላይ ካስቀመጥሽ መልሰሽ መሰካቱን አትረሺም። ሌሊት ይሻላል ብለሽ ብቻ አትዘናጊ፤ የግንባታው ኮንክሪት ማቡኪያ ዝም ሲል ተራው የሰፈር ውሾች ነው። ሲረጋጉ ጠብቀሽ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅጂ፤ ንግግር መሃል ለሚቆረጥ ክፍተት መሙያ ይሆንሻል።