የኋላውን ወንበር ሳታነሳ ቀብድ እንዳትሰጥ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ባሕር ዳር ውስጥ ድሮ ሳፋሪ ራሊ በሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ የመኪና ውድድር ላይ የተወዳደረ የ1962 ቮልስ እየተሸጠ ነው። የሚጠየቅበት ዋጋ የተራ ቮልስ እጥፍ ነው። ሻጩ ዛሬ ቀብድ ካልሰጠህ ሌላ ሰው ይወስደዋል ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?» ነው ያልከው። ከላይ የመለሱልህ ስለ ፍሪሲዮንና ስለ ጎማ ነው የነገሩህ። እሱን ማንኛውም መካኒክ ያይልሃል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ቮልስ ገዝቼ ስሙን እስካዞር ድረስ ፍዳዬን አይቻለሁ። በመጨረሻ ግን መኪናው በስሜ ነው፣ በየቀኑም እነዳዋለሁ። አንተ በእኔ መንገድ እንዳትንከራተት ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ታሪኩን ከመስማትህ በፊት የኋላውን መቀመጫ አንሳ። ፊት ለፊት ኮፈኑን ስትከፍት የምታያት ቁጥር ያለባት ቆርቆሮ ተነቅላ ልትተካ ትችላለች። እውነተኛው የሻንሲ ቁጥር ከፊት ወደ ኋላ መሃል ለመሃል በሚያልፈው የወለሉ ጉብታ ላይ፣ ከኋላ ወንበር ስር የተመታው ነው። ናፍጣ የነካ ጨርቅ ይዘህ ሂድና በቀስታ ጥረገው። ስቱኮ ወይም ወፍራም ቀለም ከተቀባበት ለምን እንደሆነ ጠይቅ። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቀው፤ ጭረት ካገኙበት ቁጥሩን የነካካኸው አንተ ነህ ይሉሃል። ከዚያው ሳትነሳ በስተቀኝ በኩል ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርገው። የባትሪ አሲድ ቮልስን መብላት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ባቲላሜራ አዲስ ወለል በይዶበት ከሆነ ብየዳው ቁጥሩ ጋ አለመድረሱን አረጋግጥ።

2. ሊብሬው ላይ ያለው 1962 በየትኛው አቆጣጠር ነው? ይህን ጠይቀሃል? የተመዘገበበት ዘመን በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ በፈረንጅ 1969 ወይም 1970 ነው። ያ ደግሞ ከ1962ቱ ውድድር ብዙ ዓመት በኋላ የመጣ መኪና ነው። ሰው ማመን አያስፈልግህም፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ከነሐሴ 1964 በፈረንጅ ጀምሮ የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ሦስተኛው አሃዝ ሞዴሉን ይነግርሃል። በ117 ከጀመረ የ1967፣ በ119 ከጀመረ የ1969፣ በ110 ከጀመረ የ1970 ሞዴል ነው። የ1962 መኪና ግን ይህ አሠራር ከመምጣቱ በፊት ስለተሠራ ሰባት አሃዝ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ቁጠር። ሰባት ካልሆነ የሳፋሪው ወሬ እዚያው አለቀ።

ቮልስ ሳፋሪን አላሸነፈም እያልኩህ አይደለም። አሸንፏል፣ እኔም የምወደው በዚሁ ነው። ውድድሩ የተጀመረው በ1953 በፈረንጅ፣ የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መጫን ለማክበር ነበር። ያኔ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን (የዛሬዋን የታንዛኒያ ዋና ምድር) አካልሎ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በፋሲካ ሰሞን ጭቃ ይነዳበት ነበር። ቮልስ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አንደኛ ወጥቷል። የመጨረሻውን የነዳው ቶሚ ፍያስታድ ነው፣ ያውም 34 የፈረስ ጉልበት ባለው የ1200 ሞተር። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ የሚገፉትን ጎማዎች ስለሚጫናቸው ጭቃ ውስጥ አይንሸራተትም። ሆዱ ለጥ ያለ ስለሆነ ድንጋይ አይይዘውም። በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚበሳ ራዲያተር የለውም። የጢስ ዓባይን ኮረኮንች በክረምት የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ግን ቮልስ ማሸነፉ ሌላ፣ ያንተው ቮልስ መወዳደሩ ሌላ።

3. ሦስተኛው ወረቀት ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብበኝ፤ እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ነው።

የእኔን የገዛሁት ከሟች ቤተሰብ ነው። የውርስ ማረጋገጫቸውን ከፍርድ ቤት አውጥተው ስለነበር በእነሱ በኩል እንከን አልነበረም። መከራው የመጣው ስም ለማዞር በሄድኩበት ቢሮ ነው። መርማሪው ወጣት ኮፈኑን ከፍቶ ቆርቆሮዋን ሲያጣት «ይሄ መኪና ቁጥር የለውም» አለ። ወንበሩን አንስቼ አሳየሁት። አየና ከሊብሬው ጋር አመሳከረ፤ አንድ አሃዝ አይገጥምም። ብረቱ ላይ 117 ነው፣ ሊብሬው ላይ 111። ድሮ በእጅ የጻፈው ሰው ሰባትን እንደ አንድ አድርጎ ገልብጦታል። ልጁ ግን «ሻንሲው ተቀይሯል» ብሎ ጻፈብኝ። በሰው ፊት! የሰረቅኩ ያህል ነው የተመለከቱኝ።

ከዚያ በኋላ ደጅ መጥናት ነው። «አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ፋይሉ አልተገኘም።» «ነገ ተመለስ።» መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። ቦሎው ጊዜው አልፎ መኪናው ክረምቱን ግቢ ውስጥ ቆመ። አለቃው ሲገኙ በእርጋታ አስረዳኋቸው። ሦስተኛው አሃዝ አንድ ቢሆን ኖሮ መኪናው የ1971 ሞዴል ይሆን ነበር፣ የ1971 ቁጥር ደግሞ አሥር አሃዝ ነው፣ የእኔው ግን በብረቱም በሊብሬውም ላይ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር በዓለም ላይ ሊኖር አይችልም። «አንተ ልታስተምረን ነው የመጣኸው?» አሉኝ። አዎ፣ ካላወቃችሁ ላስተምራችሁ ነው የመጣሁት! ይህን አፌ ላይ አድርጌ ዋጥኩት። ጉዳዩ የተፈታው አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ከመጋዘን የድሮውን ፋይል ሲያወጡልኝ ነው። የጉምሩኩ ወረቀት በታይፕ የተመታ ነበር፣ ሰባቷም ቁልጭ ብላ ትነበባለች። እግዜር ይስጣቸው፣ ለአንድ ሻይ እንኳ እጃቸውን አልዘረጉም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገንዘቤ አልጠፋም። ለምን? ውሉ ላይ «ቀሪው ሂሳብ ስም ሲዞር ይከፈላል» ብዬ አስጽፌ ነበር። አንተም ይህን አስጽፍ። የቀብድን ነገር ታውቀዋለህ፤ አንተ ከቀረህ ይበላል፣ እሱ ከቀረ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ «የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል ይግባበት። «በውክልና ልሽጥልህ» ካለህ ደግሞ ወካዩ በሕይወት መኖራቸውን አጣራ። ወካዩ ከሞቱ ውክልናውም አብሮ ያበቃል፣ የያዝከው ወረቀት ዋጋ የለውም። የድሮ ቮልስ ባለቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ አባቶች ናቸው።

ስለ ዋጋው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ሻጮች አሮጌውን ሁሉ እንደ ወርቅ ነው የሚጠሩት። ለውድድር ታሪኩ ብለህ እጥፍ የምትከፍለው ግን ማስረጃ ካለ ብቻ ነው። የውድድር ወረቀት፣ የተሳታፊ ቁጥሩ በር ላይ እንዳለ የተነሳ የዘመኑ ፎቶ፣ የታርጋ ቁጥሩ የሚታይበት። እነዚህ ከሌሉ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የእኔም ፓራውልት አጠገብ ተበስተው የተደፈኑ የመብራት ቀዳዳዎች ነበሩት። ሻጮቹ «ናይሮቢ ደርሷል» አሉኝ። ለቀዳዳ ግን አንድ ብር አልጨመርኩም። ጀርመን ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን አውቶሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ የመኪናህን የልደት ወረቀት በክፍያ ይሰጥሃል። መቼ እንደተሠራ፣ መጀመሪያ ቀለሙ ምን እንደነበር፣ ወዴት አገር እንደተላከ ይነግርሃል። እኔ እዚያ ባለች የእህቴ ልጅ በኩል አስወጥቼ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ። ስለ ውድድር ምንም አይልም፤ ሻጩ በዓመቱ ከዋሸ ግን ወዲያው ይነቃበታል።

መኪናውን ስታየው ጠዋት ይሁን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቅህ በለው። ቀድመው አሙቀው የሚያስነሱልህ መኪና ጠዋት ጠዋት እንቢ የሚል ነው። ከዚያ የበዛዊትን ዳገት አስወጣው፣ ስትወርድም ማርሽ እየቀነስክ በማርማታው የሚወጣውን ጭስ ሰው ከኋላ ሆኖ ይይልህ። ከወንበሩ ስር ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ነፃ ነኝ። ቀብዱን ግን እስከዚያ ኪስህ ውስጥ አቆየው።