ልጅዎ ፎቶዋ ላይ የምትነካካው ምኑን ነው?

ጥያቄ፦ «የ16 ዓመት ልጄ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ትውላለች። ቲክቶክ ላይ ሞዴሎች እያየች የራሷን ፎቶ በፊልተር ቀላ ታደርጋለች፣ አፍንጫዋን ታቀጥናለች። በእህቷ ምርቃት የቤተሰብ ፎቶ አልነሳም ብላ ዘመድ ፊት አዋረደችኝ። ታላቋ ቀይ ናት፤ ይቺኛዋ በአባቷ ወጥታ ጠቆር ትላለች እንጂ እንከን አይወጣላትም። ፎቶዎቹ የውሸት እንደሆኑ ሺ ጊዜ ነግሬያታለሁ። ስልኩን ልቀማት?»

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል። ፎቶዎቹ የውሸት ናቸው ማለትዎም ልክ ነው። ወገብ ይቀጥናል፣ እግር ይረዝማል፣ የቆዳ ቀዳዳ እንኳ ይጠፋል። እስራኤል ከ2013፣ ፈረንሳይ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሞዴሏን በኤዲት ያቀጠነ ማስታወቂያ ይህንኑ እንዲጽፍ በሕግ ያስገድዳሉ። ሲጠና ግን ጽሑፉ ያን ያህል አልረዳም። ሴቶቹ ፎቶው እንደተነካካ እያወቁም በገላቸው መከፋታቸው አልቀረም። ልጅዎም ታውቃለች። እንዲያውም ከእኔና ከእርስዎ በላይ ታውቃለች፤ በገዛ ጣቷ የምትሠራው ነው።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ታላቋ መልክ ማንም አልጠየቀዎትም። ስለ ስልክ ለማማከር የእህቷ ቅላት ምን አመጣው? በክፋት እንዳልጻፉት አውቃለሁ። ቤታችን እንዲህ ነው የሚያወራው፤ ገና አራስ ጥየቃ ላይ «በማን ወጣች? ቀይ ናት?» ይባላል። ሞዴሎቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ልጅዎ ግን ወገቧን አልነካችም። የነካችው ቀለሟንና አፍንጫዋን ነው። ምናልባት «በአባቷ ወጣች» ሲባል የምትሰማውን። የምርቃቱ ፎቶ ደግሞ ከታላቋ ጎን የሚያቆማት፣ እሷ ኤዲት የማታደርገው ፎቶ ነው። እርስዎን ልታዋርድ ሳይሆን ራሷን ልታድን የሸሸች ይመስለኛል። «እንከን አይወጣላትም» ብለዋታል፣ እውነት ነው። እሷ ጆሮ የሚቀረው ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው።

ስልኩን ቢቀሟት የሚቀራት የቤቱ ወሬ ብቻ ነው። ለጊዜው መልክ የሚያነሳ ጨዋታ፣ ሙገሳም ቢሆን፣ ቢቀር ጥሩ ነው። አክስቶቿንም ለብቻ ቢያነጋግሯቸው። ስለ ምርቃቱ ቀን ሳይቆጡ ይጠይቋትና ያዳምጧት። መጀመሪያ ላትመልስልዎ ትችላለች፤ አይቸኩሉ። ምግብ ከቀነሰች፣ ከሰው ከራቀች ወይም የሚያቀላ ክሬም መቀባት ከጀመረች ግን ደብዳቤ አይበቃም፤ ባለሙያ በአካል ያግኙ። ቢቻል ባለሙያው ጋ መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ።