ዝነኛው ይጠይቅ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ካራ አካባቢ፣ ከተማው አልቆ ማሳው በሚጀምርበት ጫፍ፣ የሳይንስ ፌስቲቫል ልታዘጋጁ መሆኑን ሰማሁ። ታዋቂ ሰው እንጋብዝ ወይ ብላችሁኛል። ጋብዙ። ሰው የሚመጣላችሁ በእሱ ነው። ግን መጥቶ ምን እንደሚሠራ ቀድማችሁ ካልወሰናችሁ፣ ቀኑ የእሱ ይሆንና እናንተ ወንበር አመላላሽ ሆናችሁ ትቀራላችሁ።

እኔ ደርሶብኛል። ከዓመታት በፊት በቴሌቪዥን የታወቀ ሰው ጋበዝን። ቀብድ ከፈልን፣ ፊቱን ባነር ላይ አተምን። ስለ ሙከራዎቹ ግን አንዲት ቃል አልነገርነውም። አንድ ተማሪ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ሲቀላቅል ሰውዬው ማይኩን ይዞ "ኧረ ይሄ አስማት ነው!" አለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ለምን አረፋ እንደሚወጣ ለማስረዳት ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመድ ነበር። ማይክ ሳይደርሰው ወረደ። እንግዳው ሴልፊ ተነስቶ ሲሄድ ሰዉም ተከትሎት ወጣ። የቀረነው እኛና ድንኳን አከራዩ ነን። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዝነኛውን ጠያቂ እንጂ አስረጂ አላደርገውም። ከሦስት ቀን በፊት ቡና እጋብዘዋለሁ፣ ሙከራውን በእጁ አስነካዋለሁ። መልሱን ግን አልነግረውም።

በሚቀጥለው ጊዜ የጋበዝናት የራዲዮ ጋዜጠኛ ነበረች፤ ርዕሳችንም እንዶድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የሚባለውን የትል በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ምርምራቸው የተነሳው ከዚያ ነው። ጋዜጠኛዋ ይህን ከሰማች በኋላ "ሳሙና እያለ ማን በእንዶድ ያጥባል?" ብላ ሕዝቡን ጠየቀች። አንዲት እናት ከኋላ "ነጠላን እንደ እንዶድ የሚያነጣው የለም!" አሉ። "እማማ፣ ይምጡና ያሳዩን" አለቻቸው። መጡ። ወቀጡት፣ በሳፋ አሹት፣ አረፋው ሞላ። "ታዲያ ቀንድ አውጣውን ምን ገደለው?" ስትል ተራው የተማሪዋ ሆነ። አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባለው ነገር ራሱ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አስረዳች። ያን ቀን ማንም ለሴልፊ አልተጋፋም። እማማን ነበር የከበቧቸው።

(ከእናንተ አንዱ ቀንድ አውጣ ከወንዝ ልልቀም ይላል፤ አውቃለሁ። አይሆንም። የቢልሃርዚያ ትል ከውሃው በቆዳ ነው የሚገባው። ሥዕል ይበቃል።)

እንዶድ ካጣችሁ ውሃ አፍሉ። ካራ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው 92 ገደማ ላይ ይፈላል። እንግዳችሁ መጀመሪያ ይገምት። ሲሳሳት ሕዝቡ ይወደዋል። ከዚያ አንዷን እናት ባቄላ ቆላ ስትወርዱ ቶሎ ይበስልላችኋል ወይ ብሎ ይጠይቅ።

የቀረው ተራ ነገር ነው። ፈቃዱን ከወረዳ በጊዜ ጨርሱ። መብራት ስለሚጠፋ ጄኔሬተር ያዙ። ሐምሌና ነሐሴን እርሱት፤ ዝናቡ አለ፣ ቴሌስኮፕ ብታገኙም ደመና ነው የምታዩት። የክብር እንግዳ ንግግር ግን ተራ ነገር አይደለም። አምስት ደቂቃ ብላችሁ የሰጣችሁት ሠላሳ ይሆናል፣ ሕፃናቱ ፀሐይ ላይ ይቀቀላሉ። እኔ ንግግሩን ከሙከራው በኋላ ነው የማደርገው። አንድ ሁለት ሰው አኩርፎኛል፤ ያኩርፍ።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እኔ ጋ ሁለት አለ። ቅዳሜ ጠዋት መጥታችሁ ውሰዱ። አሮጌው ትንሽ ይዋሻል፤ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ስከተው 2 ያሳየኛል። ከምታነቡት ላይ 2 ቀንሱ።