እናቴ ሐኪም ፊት ከ«እሺ» ሌላ አትናገርም

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ገበያ ጤፍ ትሸጣለች። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት እያደገ ስትተኛ ትንፋሽ ስለሚያሳጥራት፣ ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ ይዣት መጣሁ። ቀዶ ሐኪሙ የአልትራሳውንዱንና የመርፌ ናሙናውን ውጤት አይቶ «ካንሰር አይደለም፤ ግን ሙሉውን እናወጣዋለን፤ ቀጠሮ ያዙ» አለንና ቀጣዩን በሽተኛ አስጠራ። እናቴም «እሺ የኔ ጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ማታ ግን «ድምፄ ይጠፋል አሉ» እያለች ስታለቅስ አደረች። የደም ግፊት ክኒኗን ጸበል ስትጠመቅ እንዳቆመችም አልነገርነውም። ተመልሼ ልጠይቀው ብል የተዳፈርኩት እንዳይመስለው ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?
ልጇ ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ ልጄ፣ ተመልሰሽ ጠይቂው። ቀዶ ጥገና ክፍል በነርስነት ስሠራ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሐኪም አልፎ አልፎ አጋጥሞኛል፤ ነገር ተደብቆበት የተቸገረ ሐኪም ግን በብዛት አይቻለሁ። እናትሽ «እሺ» ስትለው የገባት ይመስለዋል። ጭንቀቷን ከፊቷ እንዲያነብላት አትጠብቂ፤ በሩ ላይ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው አይተሻል።

ፍርሃቷ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የድምፅ ገመዶችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚያልፈው ከእንቅርት ዕጢው ጀርባ ተጠግቶ ነው። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ድምፅ ሊጎረንን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ጥቂቶች ላይ ግን እንደዚያው ይቀራል። «አደጋ አለው ወይ?» ብቻ ብትዪው «አይዟችሁ» ብሎሽ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ በዪው፦ «ዶክተር፣ እናቴ ገበያ ላይ ተጣርታ ነው የምትሸጠው። በእሷ እንቅርት መጠን ድምፅዋ የመጎዳት ዕድሉ ምን ያህል ነው? የድምፅ ገመዶቿስ አስቀድመው ይታያሉ?» ኑሮዋን ሲያውቅ መልሱ ስለ እሷ ይሆናል። ቀዶ ጥገናውን ራሱ ይሠራው ወይም ሌላ ሐኪም ይሥራው እንደሆነም ጠይቂ፤ ነውር የለውም።

ሙሉው ይወጣል ያለውን ግን ዝም ብለሽ አትለፊው። ሙሉው ከወጣ ሰውነቷ ይህ ዕጢ የሚሠራውን ሆርሞን ስለማያመርት ዕድሜዋን ሙሉ በየቀኑ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን ትውጣለች። «ግማሹን ማውጣት ያልተመረጠው ለምንድን ነው?» በዪ። እባጩ በሁለቱም ጎን ከሆነ፣ የሚቀረው ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን ከእሱ አፍ ስሙት። ክኒኑ ደሴ ይገኝ እንደሆነ ከአሁኑ አጣሪ። የሚዋጠው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ከቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው። እናትሽ ጾም የምትይዝ ከሆነ ይህንንም ንገሩት፤ ፍልሰታ ሲገባ ቅዳሴ እስኪወጣ ክኒን የማይቀምሱ እናቶች ብዙ ናቸው፤ መፍትሔው ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ሰዓቱን መነጋገር ነው።

አሁን የጸበሉን ነገር። ልጄ፣ ይህን ዛሬውኑ ንገሪው። ሐኪሙ የደም ግፊቷ በክኒን የተያዘ መስሎት ነው ቀጠሮ የሰጣችሁ። በዕለቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ማደንዘዣ ሰጪው «አትገባም» ሊል ይችላል፤ ያን ሁሉ መንገድ መጥታችሁ ትመለሳላችሁ። «ጸበል ስትጠመቅ አቁማዋለች፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ» ማለት በቂ ነው። አስፕሪን፣ ከፋርማሲ በራሷ የገዛችው ማስታገሻ፣ ቤት የሚቀመም ባህላዊ መድኃኒት ካለም አብሮ ይነገር።

ስትገቡ አንቺ ቀድመሽ አታውሪላት። አስታማሚ ሁሉን ሲናገር በሽተኛዋ አልጋ ላይ እንደ ዕቃ ስትቀመጥ ማየት አልወድም። የድምፅዋን ጥያቄ እሷ ትጠይቅ፤ አንቺ ጻፊ። ሲጨርስ «ዶክተር፣ የገባኝን ልድገምልዎት» በዪና በአማርኛ ድገሚለት፤ የተሳሳተውን ያርምልሻል። የስምምነት ፎርሙም ከመፈረሟ በፊት በምትረዳው ቋንቋ ይነበብላት።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንገቷ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ነርሷን ወዲያው ጥሪ። ከንፈሯንና ጣቶቿን ከነዘራት ደግሞ ካልሲየም ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ተናገሪ። ስትወጡ ምን ያህሉ እንደወጣ፣ የፓቶሎጂ (የወጣው ዕጢ የላብራቶሪ ምርመራ) ውጤቱ መቼ እንደሚደርስና የሆርሞን ምርመራው መቼ እንደሚደገም ወረቀቱ ላይ ይጻፍልሽ፤ ምርመራው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ውስጥ ነው። ደሴ ያለው ሐኪም የሚከታተላት በዚያ ወረቀት ነው።