መልስ፦ ዶን ዊሊያምስ ሳይጮህ ለምን ይወደዳል?

ጠያቂያችን፣ አሜሪካዊው የካንትሪ ሙዚቃ ድምፃዊ ዶን ዊሊያምስ ድምፁን ከፍ ሳያደርግና መድረክ ላይ ሳይወራጭ ይህን ያህል የተወደደበትን ምክንያት ለማወቅ ፈልገዋል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ዋናው ምስጢር ያንን ጎርናና ድምፁን ለማሳየት አለመጣደፉ ነው፤ ቴክሳስ ተወልዶ ያደገው ይህ ድምፃዊ «ጨዋው ግዙፍ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለትም ከቁመቱ ጋር በዚሁ እርጋታው የተነሣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን «አይ ቢሊቭ ኢን ዩ» ልብ ብለው ያድምጡ። የማያምንባቸውን ነገሮች ፈገግ ያለ በሚመስል ድምፅ ሲዘረዝር ይቆይና አዝማቹ ላይ ሲደርስ በሚወዳት ሴት እንደሚያምን ይናገራል፤ ያን ጊዜም ድምፁ እምብዛም አይነሣም። ጊታሩና ከበሮው ከኋላ ሆነው ለቃላቱ ቦታ ስለሚለቁ፣ እንግሊዝኛ እምብዛም የማይሆንለት አድማጭ እንኳ (እኔን ጨምሮ) ግጥሙን ለይቶ ይሰማል። ዘፈኑ በአሜሪካ የካንትሪ ዘፈኖች የተወዳጅነት ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ከመሆኑም በላይ ወደ ፖፕ ሰንጠረዥ ተሻግሯል።

ዘፈኖቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ የሚሉ አሉ፤ የብዙዎቹ ፍጥነት ስለሚቀራረብ አይፈረድባቸውም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «ተልሳ ታይም» ሲከፍቱ፣ እግርዎ ሳያስቡት ወለሉን መምታት ይጀምራል።