ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እናቴን አዲስ አበባ የሚያማት ከፍታው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት እንዳለባት ካወቀች 9 ዓመት ሆኗታል። ጠዋት ጠዋት አምሎዲፒንና አንድ የሚያሸና ኪኒን ትወስዳለች። አምና በጥር እህቴ ጋ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር። ገና በደረሰች ማታ ራሷን ፈለጣት። ሲለካ ግፊቷ 170/100 ሆነ። ከዚያ በኋላ ግፊቷ ቢወርድም ጠዋት ጠዋት ራስ ምታቱ አልለቅ ስላላት በአምስተኛው ቀን ተመለሰች። ጎረቤቶቻችን «ከፍታው ነው ደሟን ያናረው» ይላሉ። ዘንድሮ የልጅ ልጇ ሰርግ አለ። እሷ ደግሞ እግረ መንገዷን እንጦጦ ወጥታ ጠበል መጠመቅ ትፈልጋለች። ትሂድ ወይስ ትቅር?

መልስ፦ ይሂዱ። የልጅ ልጃቸውን ሰርግ በስልክ ቪዲዮ የሚያዩበት ምክንያት አልታየኝም። ግን ከመሄዳቸው በፊት አምና ያመማቸው ምን እንደሆነ አብረን እንየው።

መጀመሪያ ከፍታውን እንይ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ እንደየሰፈሩ ቢለያይም 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ጅማ ላይ ከምናገኘው 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ሲወጡ ቶሎ ማለክለክ፣ ትንሽ ድካም፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ ሊኖር ይችላል። የከፍታ ሕመም የምንለው ግን በብዛት የሚጀምረው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እናትዎ ደግሞ ከባሕር ዳርቻ ተነስተው አይደለም የሚሄዱት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ወይና ደጋ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ 170/100ን ከፍታው ብቻውን አመጣው ለማለት ይከብደኛል።

«ገና በደረሰች ማታ» ያሉት ነገር ነው ያቆመኝ። የዚያን ቀን ጠዋት ኪኒናቸውን ወስደው ነበር? ይጠይቋቸው። እኔ ይህን ጥያቄ ከመንገድ ለተመለሰ የግፊት ታካሚ ሁሉ እጠይቃለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ አውቶብሱ ለኔ ሽንት የት ያቆምልኛል?» እውነታቸውን ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። አንዲት እናት ወጣት ሹፌር ፊት ቆማ «ልጄ፣ አቁምልኝ» ማለት ታፍራለች። ስለዚህ የሚያሸናውን ኪኒን ትተዋለች። ብዙዎች ደግሞ አንዱን ሲተዉ ሁለቱንም ይተዋሉ። ውሃም አይጠጡም። ሌሊት ስለሚነሱ ቁርስም ቡናም የለም። ጅማ ተወልዶ አቦል ቶና ሳይል ለማይውል ሰው የቡና ሐራራ ብቻውን ራስን ይፈልጣል። በዚህ ላይ መንገዱ ጊቤ በረሃ ወርዶ 1,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ከዚያ እንደገና ሽቅብ ነው። ሙቀት፣ ጥማት፣ ድካም። ማታ ሲለካ ግፊቱ ቢወጣ ይገርማል?

ዘንድሮ እንዲህ ያድርጉ። አምሎዲፒኑን እንደ ልማዳቸው ጠዋት ይውሰዱ፣ እሱ ሽንት አያበዛም። የሚያሸናውን ግን ለዚያች አንድ ቀን፣ እህትዎ ቤት እንደደረሱ ቢወስዱት ከመዝለል በብዙ ይሻላል። ይህን ከመንገዱ በፊት ለሚከታተላቸው ሐኪም ነግረው ያስፈቅዱ። መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳቸው ይሁን፣ መኪናው አናት ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር እንዳይሄድ። ቡና በፔርሙዝ ይያዝላቸው። ውሃም ትንሽ ትንሽ ይጠጡ። ወልቂጤ ወይም ወሊሶ ላይ መኪናው ሲቆም ወርደው ይራመዱ፤ እግር ለረጅም ሰዓት ታጥፎ ሲውል ደም ሊረጋ ይችላል። ሹፌሩን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ቀድመው ያናግሩት። እሳቸው አይናገሩም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ግፊታቸው ከወረደ በኋላ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይመጣ የነበረው ራስ ምታት ነው። የጥር ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የት ነበር የሚተኙት? ክፍሉ ውስጥ ከሰል ይገባ ነበር? ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጃቸው ጋ ከርመው የመጡ አንዲት እናት ልክ እንደ እናትዎ «ከፍታው አልተስማማኝም» አሉኝ። ጠዋት ራሳቸው ይከብዳል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ ይለቃቸዋል። አብራቸው የምትተኛው ሕፃንም ጠዋት ትነጫነጭ ነበር። ለካ ማታ ማታ ማንደጃው በር ተዘግቶ ሲሞቅ ያድራል። ከሰሉ ጭሱ ወጥቶ ፍም ሲሆን ነው ሰው «አሁን ደህና ነው» ብሎ የሚያስገባው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም። ፍሙ እንደቀላ ይወጣል። እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። እባክዎ ለእህትዎ ዛሬውኑ ይደውሉ። ከሰል መኝታ ቤት አይገባም፣ በቃ። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ፕላስቲክ በጨርቅ ተጠቅልሎ እግራቸው ሥር ይሁን።

ስለ ሰርጉ ምግብ ብዙ አልልም። ጨው ይቀንሱ።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። ከጅማ ሄዶ አዲስ አበባ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚናገረው «የመጣሁት ከጅማ ነው» የሚለውን ነው። አገራችን ላይ ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። እዚያ ያለው ሐኪም ካልተነገረው ጉንፋን ወይም ታይፎይድ ሊመስለው ይችላል። ትንኟ ከነከሰች በኋላ ሕመሙ ሳምንት ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱ ዓይነት ወራት ቆይቶም ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ደም ይመርመሩ።

ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው፣ አንድ ጎናቸው ከዛለ፣ አንደበታቸው ከተሳሰረ፣ ወይም አንድ እግራቸው ብቻ ካበጠ ግን «አየሩ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እንጦጦን በተመለከተ፣ ከፍታ ካልን እውነተኛው ከፍታ እሱ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ጅማ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን የጅሬን ዳገት ጥቂት አብረዋቸው ይራመዱ። እያወሩ መሄድ ከቻሉ ደግ ነው። ደረታቸውን ከያዛቸው ወይም ቆመው መተንፈስ ካቃታቸው ግን ልባቸው ሳይታይ እንጦጦ አይውጡ። ደህና ከሆኑ ደግሞ በደረሱ ማግስት ሳይሆን፣ ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ፣ በመኪና ይውጡ። ከጠበሉ በኋላ ቶሎ ደረቅ ልብስ ይልበሱ። ኪኒኑ ደግሞ ጠበሉን አይከለክልም፣ ጠበሉም ኪኒኑን አያስቀርም። ለጠበሉ የሚጾሙ ከሆነ፣ ጾሙ እንደተፈታ ይውሰዱት። ይህን ቃል ለእናትዎ እንደ ልጃቸው ቁጭ ብለው ቀስ አድርገው ይንገሯቸው።